ጉሬዛን ለማየት ትኬት አይቆረጥም

ፍኖተ ሰላምም ሆነች ቡሬ መካነ እንስሳት የላቸውም። አንበሳ ማየት ያማረው የምዕራብ ጎጃም ልጅ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1948 እ.ኤ.አ. ወደተቋቋመው አንበሳ ግቢ መዝለቅ አለበት፤ እዚያም መግቢያ ይከፈላል። ጉሬዛን ግን ነባር ዛፍ ባልተመነጠረበት የደብር ደን ውስጥ በነፃ ያገኘዋል። ይህን አንበሳ ላጣ ልጅ እንደተሰጠ ማባበያ መቁጠር አይገባም። እንስሳን ከነኑሮው በማስተዋወቅ ረገድ የደብሩ ደን ከአንበሳ ግቢ ይበልጣል።

ጉሬዛ ጥቁር ነው፤ ከትከሻው በጎንና ጎኑ የሚወርደው ረጅም ነጭ ፀጉር ካባ የደረበ ያስመስለዋል። ግልገሉ ግን ሲወለድ ሙሉ ነጭ ነው። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ በቀሩት አራት ጣቶቹ ቅርንጫፍ እየጨበጠ ይዘላል። አንዳንድ ተመልካች «ዝም ብሎ ይቀመጣል» እያለ ይሰለቸዋል። ምክንያቱ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው፦ በክፍል በክፍል የተከፈለው ጨጓራው የሚያብላላው ቅጠል ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት ደግሞ ጥቃቅን ተሕዋስያን ስለሆኑ ጊዜ ይወስዳል። በረት ውስጥ የተኛ አንበሳ ከመሰልቸት ይሁን ከጥጋብ ማወቅ ያስቸግራል፤ ጉሬዛው የተቀመጠበት ዛፍ ግን ምግቡም አልጋውም ስለሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ይህን ዝርያ ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቅ መገኛው ተብሎ የተመዘገበውም ጎጃም ነው።

ደብር መናፈሻ አይደለም የሚል ካለ ልክ ነው። ይሁን እንጂ ጉሬዛውን ያቆየው ይኸው ክብር ነው፤ ዛፍ የማይቆረጥበት፣ ጩኸትና ድንጋይ ውርወራ ነውር የሆነበት ቅጥር የትኛውም ዘበኛ ሊያስከብረው የማይችለው ሕግ አለው። የገበሬው ቅሬታ ደግሞ በቆሎ ነው፤ አካባቢው የበቆሎ አገር በመሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በቆሎ በመዝረፍ የታወቁት ጦጣና ዝንጀሮ ናቸው፤ ከዛፍ መውረድ የማይወደውን ቅጠል በሊታ በእነሱ ጥፋት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው። የስድስት ኪሎ አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ስለዚህ አንበሳ ግቢው ባይኖር ይህ ዘር ይጠፋ ነበር ብሎ መሟገት ይቻላል። እውነት ነው፤ ያው ግቢ ግን ጥቂት እንስሳት ለብቻቸው ሲዋለዱ ዘራቸው እየጠበበ እንደሚሄድም ያስታውሰናል። በእርሻ ተከቦ የቀረ ትንሽ የደብር ደንም ለጉሬዛ ያው ነው፤ ወጣቱ ወንድ ከመንጋው ሲለይ የሚሻገርበት ዛፍ ያጣል። መፍትሔው የሽቦ አጥር ሳይሆን በፈጣምና በብር ወንዞች ዳር ደንን ከደን የሚያገናኝ የዛፍ መስመር ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ደርሶ ገንዘብ ስለሚያመጣ ገበሬው ቢመርጠው አይፈረድበትም። ለወንዙ ዳር ግን ሾላ፣ ሰሳና ቀውት ይሻላሉ፤ ጉሬዛ ቅጠላቸውን ይበላል።