ፓኾም አቀስታ ምድጃ ዳር

አቀስታ በክረምት ሲመሽ ከምድጃው ርቆ የሚቀመጥ የለም። ባለፈው ነሐሴ ወላጆቼን ልጠይቅ ሄጄ፣ ብርዱ ሁላችንንም እሳቱ ዳር ሲሰበስበን፣ የቶልስቶይን አጫጭር ተረቶች ከቦርሳዬ አወጣሁ። አባባ ዓይናቸው ደክሟል። ጆሯቸው ግን ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የተገራ ነውና በማንም አንባቢ አይረካም። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ እያየሁ በአማርኛ እመልሰው ጀመር።

የመረጥሁት በ1886 እ.ኤ.አ. የታተመውን «ለአንድ ሰው ስንት መሬት ይበቃዋል?» የሚለውን ነው። የሚጀምረው በሁለት እህትማማቾች ክርክር ነው፤ አንዷ ከተሜ፣ አንዷ ባላገር። ደሴ የምትኖር እህት ያለቻት እናቴ የቡና ማፍላቱን ተወችና «ቶሎ አትለፋት፤ ባላገሯ ምን ብላ መለሰችላት?» አለች። የባላገሯ ባል ፓኾም ምድጃ ላይ ተጋድሞ ይሰማቸዋል። የሩሲያ ምድጃ ሰው የሚተኛበት ሰፊ ግንብ ነው። መሬት ከበቃኝ ሰይጣንንም አልፈራ ብሎ ሲያስብ፣ ሰይጣኑ እዚያው ከምድጃው ጀርባ ተቀምጦ ያዳምጣል። ታናሽ እህቴ ይኼኔ ዘወር ብላ ከኋላዋ ያለውን ጨለማ አየች።

አባባን ያሳሰባቸው ልኩ ነው። ፓኾም በመጀመሪያ 15 ዴስያቲን ይገዛል። አንዱ ዴስያቲን ከሄክታር ጥቂት ይበልጣል።

«በኛ ስንት ይሆናል?»

«ከ60 ጥማድ በላይ፣ አባባ።»

«60 ጥማድ ይዞ ነው መሬት ጠበበኝ የሚል?» ብለው ሳቁ። ቀጥዬ ሳነብ ግን ሳቁ ቀረ።

አዲስ አበባ ብቻዬን ሳነበው ይህ ተረት ስብከት መስሎኝ ነበር፤ ድግግሞሹም አሰልችቶኛል። ጥፋቱ የኔ ነው። ቶልስቶይ እነዚህን ተረቶች የጻፈው ለጆሮ ነው። በ1879 ሽቼጎልዮኖክ የተባለ የሰሜን ሩሲያ ባላገር ተራኪ እቤቱ ሰንብቶ ሲያወጋ እየሰማ ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ በ1881 የወጣው «ሰዎች በምን ይኖራሉ» ከዚያ ወግ የተቀዳ ነው። በ1884 ደግሞ ከወዳጁ ቼርትኮቭ ጋር «ፖስሬድኒክ» የተባለ አሳታሚ ድርጅት አቋቁመው፣ በአንድ ኮፔክ ገደማ የሚሸጡ ቀጫጭን መጻሕፍት ለገበሬው አወጡ። አብዛኛው ገበሬ ፊደል ስላልቆጠረ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። አረፍተ ነገሩ አጭር የሆነው ለዚህ ነው። እያየሁ ስተረጉም እንኳ ምላሴ አልተደናቀፈም።

ፓኾም በመጨረሻ ባሽኪሮች ዘንድ ይደርሳል። በግ አርደው የሚበሉ፣ የፈረስ ወተት አስቦክተው የሚጠጡ ሙስሊም አርብቶ አደሮች ናቸው። የመሬታቸው ዋጋ በቀን 1,000 ሩብል ነው፤ ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ በእግርህ የዞርኸው ሁሉ ያንተ ይሆናል። ከመነሻህ ሳትመለስ ጀንበር ከጠለቀች ግን ገንዘብህ ቀረ። ሹሙ የቀበሮ ቆዳ ቆቡን ኮረብታ ላይ አኖረ፣ ፓኾም ብሩን ቆቡ ላይ አስቀምጦ ሄደ። መታጠፊያው ሲደርስ ለተልባ የሚሆን እርጥብ ረባዳ ያያል። «ተው፣ ታጠፍ!» አሉ አባባ፣ ሰውዬው የሚሰማቸው ይመስል። አልታጠፈም።

ሲመለስ ኮረብታው ግርጌ ላይ ጀንበር ጠለቀችበት። አለቀልኝ ብሎ ሊቆም ሲል ግን ሰዎቹ ከላይ ይጮኻሉ። ይህችን እኔ ሁልጊዜ ሳላስተውል ነበር የማልፋት። አባባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እንዴታ፣ ቆላው ሲጨልም ደጋው ላይ ገና ፀሐይ ነው። እነሱ ያዩዋታል፤ ይሩጥ!» አሉ።

ሮጠ። ቆቡን ነክቶ ወደቀ፤ ከአፉም ደም ወጣ። አሽከሩ ከራስ እስከ እግሩ ለክቶ ቆፈረለት፤ 3 አርሺን፣ ከሁለት ሜትር ጥቂት የምትበልጥ ጉድጓድ።

መጽሐፉን ዘጋሁ። አባባ እሳቱን ቆሰቆሱ እንጂ አልተናገሩም። እናቴ ናት በረካውን እየቀዳች የጠየቀችኝ፤

«ቆቡ ላይ ያኖረውስ ብር? ለሚስቱ ላኩላት?»

መጽሐፉን መልሼ ገለጥሁት። አልተጻፈም።