«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»፦ በሐይቅና በአምባሰል የምስጢር ዋጋ ስንት ነው?

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በአውሮፓውያኑ 2024 ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ጽንስ የማቋረጥ አገልግሎት በሚሰጥ ክሊኒክ ዙሪያ በ150 ሜትር ክልል ውስጥ ቆሞ ታካሚን ማዋከብ ወንጀል ሆነ። ደቡብ አፍሪካም በአውሮፓውያኑ 1996 ባወጣችው ሕግ ወደ አገልግሎቱ የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ደንግጋለች።

ወደ እኛ እንምጣ። ሐይቅ ወይም ውጫሌ ጤና ጣቢያ በር ላይ መፈክር ይዞ የሚቆም ሰው ለማየት አትጠብቁ። ታዲያ ችግሩ የለም ማለት ነው? ኧረ አለ! የእኛ አዋካቢ ግን ወረፋው ላይ ነው የሚቀመጠው። ጥበቃው ሊሆን ይችላል፣ የጎረቤት እናት ልትሆን ትችላለች። 150 ሜትር ቢከለልም ለውጥ የለውም፤ እዚያው ሰፈር ነዋሪ ነዋ።

ተደፍራ ያረገዘች የ16 ዓመት ተማሪ እናስብ። በሩ ላይ «ለምንድን ነው የመጣሽው?» ትባላለች። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ደግሞ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?»። ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ጆሮውን ይጥላል። ቀጥሎ «የማን ልጅ ነሽ?» ይመጣል። ይቺ ጥያቄ አገር ቤት ሰላምታ ናት። እዚያ መስኮት ላይ ግን ምርመራ ትሆናለች። ልጅቷ ሳትታከም ወሬው ቡና ላይ ይደርሳል።

የሚገርመው ሕጉ እነዚህን ጥያቄዎች አይፈልግም። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ የመጣ ከሆነ፣ የእናቲቱን ወይም የጽንሱን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ ወይም እናቲቱ በአካልና በአእምሮ ጉድለት አሊያም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ካልበቃች። አንቀጽ 552 ደግሞ ለተደፈረች ሴት የራሷ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም። በጤና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረትም ዕድሜዋን በቃሏ ተናግራ ትስተናገዳለች፤ መታወቂያ አምጪ አትባልም። በኋላ ቃሏ ስህተት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ባለሙያው አይጠየቅም። የሙያ ምስጢር ማውጣት ግን በዚሁ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

ሕጉ ለማስረጃ የሚጠየቀውን ዋጋ ዜሮ አደረገው። የዕይታን ዋጋ ግን አልነካውም። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ድብቅ ወጪ ይለዋል። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማንም ወደማያውቃት ከተማ ለመሄድ የሚኒባስ ትከፍላለች፣ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፣ ለቤተሰብ ውሸት ትፈጥራለች። ከአምባሰል ቀበሌዎች ለምትመጣዋ ይብሳል። ብሩ እስኪጠራቀም ሳምንታት ያልፋሉ። እርግዝናው በገፋ ቁጥር ደግሞ ሕክምናው ይከብዳል፣ አደጋው ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ግን የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ በጤና ጣቢያ ልትሠራው የምትችለው ነበር። ብሩን ያላገኘችዋ ወዴት እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። ተመራማሪዎች እንደገመቱት በአውሮፓውያኑ 2008 ኢትዮጵያ ውስጥ ከተቋረጡ ጽንሶች 27 በመቶው በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የተከናወኑ ነበሩ። በ2014 ይህ ወደ 53 በመቶ አደገ። ትልቅ ለውጥ ነው። ግን ሕጉ ከወጣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ግማሽ ያህሉ ከዚያ ውጭ ነበር።

ለደቡብ ወሎ ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ሲያዳርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። በአማራ ክልል ሴቶች መደፈራቸውንም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግበዋል። ያቺ ሴት ካርድ መስኮት ላይ ታሪኳን ጮክ ብላ እንድትናገር መጠየቅ ሁለተኛ ጥቃት ነው።

«ሃይማኖቴ አይፈቅድም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይከበራል። ወሎ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ያለበት አገር ነው፤ ማንም እምነቱን ይጣል አልተባለም። ግን አለማመን ሌላ፣ የታመመን ሰው ማሳደድ ሌላ ነው።

መፍትሔው ብዙ በጀት አይጠይቅም። ካርድ ክፍል ምክንያት ባይጠይቅና «ለሴቶች ጤና» ተብሎ ቢታለፍ፣ ስም ከመጥራት በቁጥር ቢጠራ፣ የምክር ክፍሉ በር ቢዘጋ፣ ከነርሷ ጋር ጥበቃውና ካርድ ሠራተኛውም የምስጢር ግዴታቸው ቢነገራቸው።

የእኛ ድርሻ ደግሞ ከዚህም ይረክሳል። ወረፋ ላይ የምታውቋትን ልጅ ካያችሁ «ምን ሆንሽ?» አትበሉ፣ ስልካችሁን አውጥታችሁም ለማንም አትጻፉ። ማለት ካለባችሁ እንደ ወሎ ሰው «አብሽሪ» በሉና ወደ ራሳችሁ ተራ ተመለሱ።