የዓሣ ማጥመጃ ክርና የቅንጣቶች ሩጫ



ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን ባለችው ጫኖ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ማየት ብርቅ አይደለም። አንድ ባዶና አንድ ሙዝ የጫነ መኪና ከዚያ እኩል ተነሡ እንበል። ክብደታቸው በፍጥነታቸው ሲባዛ ውጤቱ አንድ ከሆነ፣ ባዶው መፍጠኑ፣ ባለ ጭነቱም መዘግየቱ ግድ ነው። ይህን ብዜት የፊዚክስ መምህራን ሞመንተም ይሉታል። እንግዲህ መኪኖቹን ሳናይ አርባ ምንጭ የገቡበትን ሰዓት ብቻ ብንሰማ ጭነት ያለው የትኛው እንደሆነ እናውቃለን።

በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ባለው ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል የሚሠራበት ዘዴም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ እዚያ የእርሳስ አቶም እምብርቶች በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ይጋጫሉ። ከግጭቱ ለቅጽበት የሚገኘው እጅግ የጋለ ቁስ አካል፣ ዓለም በተፈጠረች በመጀመሪያዎቹ ማይክሮ ሰኮንዶች የነበረውን እንደሚመስል ይታመናል። ወዲያው ተበትኖ በሺህ የሚቆጠሩ ፓዮኖች፣ ካዮኖችና ፕሮቶኖች ይሆናል። እነዚህ ካልተለዩ ስለ ቁስ አካሉ የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው። መግነጢስ መንገዳቸውን ያጎብጠዋል፤ ከጉብጠቱ ሞመንተማቸው ይታወቃል። የሚቀረው የመድረሻ ጊዜያቸው ነው።

አስቸጋሪውም ይህ ነው። አሊስ በተባለው ሙከራ የሩጫው ርቀት 3.7 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፈጣን ፓዮንና ካዮን የሚቀዳደሙት በ200 ፒኮ ሰኮንድ ያህል ሊሆን ይችላል። ፒኮ ሰኮንድ ማለት አንድ ሰኮንድ ለትሪሊዮን ሲካፈል ነው፤ በ200ው ውስጥ ብርሃን እንኳ ከ6 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ቅንጣት ሲያልፍበት ብልጭ የሚል ፕላስቲክ ከነብርሃን ማጉያው ይህን መለካት ይችል ነበር፤ ነገር ግን 140 ካሬ ሜትር በእርሱ ለመሸፈን ዋጋው አይቀመስም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ክሪስፒን ዊሊያምስና ባልደረቦቹ ሌላ መላ አወጡ። ለአሊስ በተሠራው ስስ ተራ መስታወት ተደርድሮ በመካከሉ 0.25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 10 ክፍተቶች ይተዋሉ። ክፍተቱን የሚጠብቀው ምን ይመስላችኋል? የናይለን ዓሣ ማጥመጃ ክር ነው! የአባያ አጥማጆች የሚያውቁት ዓይነት። በጋዝ ተሞልቶ 13,000 ቮልት ገደማ ይለቀቅበታል። ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ምልክቱ ፈጣን ነው፤ ክፍተቶቹ ብዙ ስለሆኑ ቅንጣቱ አያመልጥም። ስሕተቱ ወደ 60 ፒኮ ሰኮንድ ወርዷል። ሳይንስ የሚሠራው በውድ ዕቃ ብቻ ነው ለሚል የጫኖ ተማሪ ይህን ንገሩልን።

አንዳንድ ወንድሞች ለየግኝቱ የቁርኣን አንቀጽ ለማቅረብ ይቸኩላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ የተመራማሪዎች ሐሳብ ነገ ሊለወጥ ይችላልና። በ965 በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም፣ ብርሃን ዓይናችን ባይደርስበትም ለመጓዝ ጊዜ ይወስዳል ሲል የተከራከረው በማስረጃ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የሚገኘው ስታር የተባለው ሙከራ 18 የፀረ ሂሊየም-4 እምብርቶች ማግኘቱን ሲያስታውቅ፣ የአብዛኞቹን ማንነት ለማረጋገጥ የረዳው ይኸው ባለ መስታወት ሰዓት ነበር። አሁን ደግሞ በሲሊከን 20 ፒኮ ሰኮንድ ለመድረስ እየተሠራ ነው።