ስለ ስፌት ሙያ፤ ለስጦታ የተሠራው ለገበያ ሲወጣ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገር ልጃገረድ የእጅ ሥራን የምትለምደው ከሣር ጀምራ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከእኩዮቿ ጋራ ወደ መስክ ወርዳ የስንደዶውን አገዳ እየመዘዘች ትሰበስባለች፤ አክርማውንም ከየዳገቱ ታመጣለች። ከቤት አድርሳ በጥላ ታደርቀዋለች፤ ከዚያም በውሃ አርሳ ትሰነጥቀዋለች፤ ደረቁን ልሰንጥቅህ ቢሉት ይሰበራልና። ከተሰነጠቀውም ከፊሉን ቀለም ነክራ አለላ ታደርገዋለች። ከዚህ በኋላ ወስፌዋን ይዛ ከእንብርቱ ትጀምራለች፤ ከውስጥ የሚዞረውን እስር ሣር በስንጥቁ እየጠመጠመች፣ በወስፌው እየበሳች፣ አንዱን ዙር ከሌላው ዙር ጋራ እያያያዘች ታሳድገዋለች። የመጀመሪያው ሥራዋ ብዙ ጊዜ ጠማማ ሰፌድ ነው። እናቲቱም አትጥለውም፤ ከግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች።

እንዲህ ተጀምሮ ሙያው እየበረታ ሲሄድ እንቅቡ፣ ሌማቱ፣ ሙዳዩ፣ በመጨረሻም መሶቡ ይሠራል። ከጥንት ጀምሮ ከዚህ ሥራ የሚበዛው ለገበያ የተሠራ አልነበረም። እናት ለተዳረች ልጇ መሶብ ትሰጣለች፤ እኅት ለእኅቷ፣ ጎረቤት ለአራስ ጎረቤቷ፣ የክርስትና እናት ለክርስትና ልጇ ሙዳይ ወይም ሌማት ታበረክታለች። በሐረር ከተማ ደግሞ የሴቶቹ ስፌት የሠርግ ስጦታና የቤት ጌጥ ሆኖ በየግድግዳው በሥርዐት ተሰቅሎ ይታያል፤ እንግዳ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ የባለቤቲቱን እጅ ከዚያ ያነባል። ስጦታ ሲሆን ዋጋው አይጠየቅም። የሰጠችው ሴት ስንት ሌሊት በኩራዝ ብርሃን እንደ ተቀመጠች ተቀባይቱ ታውቃለች፤ ጊዜው ሲደርስም እርሷ በፋንታዋ ሌላ ነገር ትመልሳለች።

በአማርኛ ሙያ የተባለው ቃል ለሁለት ነገር ይነገራል። አንዲት ሴት ባለሙያ ናት ሲባል ቤቷን አሳምራ መያዟ ይነገራል፤ ደግሞም ሰው የሚተዳደርበት ሥራ ሙያ ይባላል። ስፌት ለብዙ ዘመን በመጀመሪያው ትርጓሜ ሲኖር ቆይቶ፣ ዛሬ ወደ ሁለተኛው በመሻገር ላይ ይገኛል። የከተማ ሰው ለሠርግና ለቤቱ መሶብ ይገዛል፤ ሆቴሎችና የባህል ምግብ ቤቶች ይገዛሉ፤ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮጳና ወደ ዐረብ አገር የሚሄደው መንገደኛም ለዘመዱ የሚወስደው ትንሽ መሶብ ይፈልጋል። ገዢ አለ ማለት ነው። የሚያሳዝነው ግን ከሰፊዎቹ ሴቶች ብዙዎቹ ለስጦታ እንደ ሠሩት አድርገው ስለሚሸጡት፣ ብር በእጃቸው ቢገባም ድካማቸውን ሳያገኙት ይቀራሉ። ልጂቱም ይህን እያየች ታድጋለች፤ የእናቷ እጅ እንጀራ እንደማይሆን ቆጥራ ወስፌውን ትጥለዋለች።

ሸማኔው ከዚህ ችግር በፊት የወጣበት ምክንያት ሊመረመር ይገባል። ሴቲቱ ጥጡን ፈልቅቃ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ፈትላ ልቃቂቱን ለሸማኔ ትሰጣለች፤ እርሱም ድሩንና ማጉን አስማምቶ ኩታውን ወይም ጋቢውን ሲያወርድ ደመወዙን ተዋውሎ ነው። የፈታይቱ ድካም አይቆጠርም፤ የሸማኔው ግን ይቆጠራል። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች በአዲስ አበባ በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ተቀምጠው ሸማቸውን ለገበያ የሚያቀርቡት በዚሁ ልማድ ነው። ይህም ሲሆን ሸማኔው ገንዘቡን ቢያገኝም ክብሩን አጥቶ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን እስከ መከልከል የደረሱት፣ ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸማ የሚሠራው ሰው በየመንደሩ ይናቅ ስለ ነበረ ነው። የስፌት ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰፊይቱ ክብሩን አላጣችም፤ ያጣችው ዋጋውን ነው። የመንደር ሽማግሌዎች በዚህ ላይ ሊረዱ ይችላሉ፤ ሴት ልጅ ስፌቷን ይዛ ገበያ ብትወጣ ቤቱ የተቸገረ ይመስላል የሚለው ሐሜት በብዙ ስፍራ ገና አልጠፋምና።

የሒሳቡ ነገር በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። ከዚህ በታች የተጻፉት ቍጥሮች ለመማሪያ የታሰቡ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንዲት ሴት ክዳን ያለው ትልቅ መሶብ ሰፍታ በ3,000 ብር ሸጠች ይባል። ለሣርና ለቀለም 400 ብር፣ መሶቡን ከተማ ለማድረስ 200 ብር አወጣች፤ የቀረላት 2,400 ብር ነው። በየቀኑ 4 ሰዓት እየተቀመጠች በ40 ቀን ፈጽማው እንደ ሆነ የደከመችበት ጊዜ 160 ሰዓት ይሆናል። 2,400 ለ160 ሲካፈል ለአንድ ሰዓት የደረሳት 15 ብር ነው። ይህችው ሴት ደግሞ ትንሽ ሙዳይ በ600 ብር ሸጠች ይባል። ወጪዋ 100 ብር፣ ጊዜዋም በየቀኑ 4 ሰዓት ለ5 ቀን፣ ማለት 20 ሰዓት ነው። 500 ለ20 ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 25 ብር ደረሳት። ሦስት ሺህ ብር ባንድ ጊዜ ስትቀበል ደስ ያላት ሴት፣ ይልቅ የጠቀማት ስድስት መቶው ብር መሆኑን ሳታውቀው ትኖራለች።

ከዚህ የተነሣ መሶብ መስፋት ይቅር ማለት አይደለም። መሶቡም እንደ ሙዳዩ ለሰዓት 25 ብር እንዲያስገኝ ቢፈለግ፣ 160 ሰዓት በ25 ሲባዛ 4,000 ይሆናል፤ ወጪው 600 ሲጨመርበት ዋጋው 4,600 ብር መሆኑ ይታወቃል። በዚህ ዋጋ የሚገዛ ከተገኘ ይሰፋል፤ ካልተገኘም ሙዳይና ትንንሽ ሌማት እየሰፉ መቆየት ነው። ትልቁ መሶብ በትእዛዝ ብቻ ቢሠራ፣ ሳይጀመርም ቢያንስ የሣሩንና የቀለሙን ወጪ የሚሸፍን ቀብድ ቢቀበሉበት መልካም ነው። ገዢው ቢቀር እንኳ ሴቲቱ ከኪሷ አትከፍልም። ስፋቱንም በቃል ብቻ መቀበል ጥል ያመጣል። የገዢው ምጣድ የሚያወጣውን እንጀራ በሲባጎ ለክቶ፣ ሲባጎውን ቋጥሮ ማስቀመጥ ከብዙ ንግግር ይሻላል፤ እንጀራው የማይገባበት መሶብ ለጌጥ እንጂ ለማዕድ አይሆንምና።

ስለ ሥራው ጥራት የሚነገረው ብዙ ቢሆንም፣ ከሁሉ የሚበልጠው የቀለሙ ነገር ነው። እንጀራ እርጥብ ነው፤ ቀለሙ የሚለቅ አለላ ከውስጥ በኩል ቢገባ ወደ ምግብ ይደርሳል። ስለዚህ የተነከረው አለላ ከመሰፋቱ አስቀድሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ታሽቶ ሊፈተን ይገባል፤ ጨርቁን ካቀለመው እንጀራ ለማይነካው ለውጭው ጌጥ እንኳ ቢሆን መተው ይበልጣል፤ የገዢውን ልብስ ያበላሻልና። የመሶቡን ውስጥና ወለሉን ቀለም ባልነካው ሣር መስፋት መልካም ልማድ ነው። ሌላው ፈተና ብርሃን ነው። ሰፌዱን ወደ ፀሓይ አንሥቶ ሲያዩት ቀዳዳ ከታየ ስፌቱ ላልቷል። በዛሬው ጊዜ በፋብሪካ ቀለም የገባ ክር በስንደዶው ፈንታ ሲጠመጠም ይታያል፤ ሥራውን ያፋጥናል፤ ዐይንንም ይስባል። ከሣር የተሰፋውን የሚፈልግ ገዢ ግን በክር የተሰፋውን በሣር ዋጋ አይገዛም። ሰፊይቱ ሁለቱን ለይታ፣ ምን እንደ ሆነ ተናግራ ብትሸጥ እምነት ታተርፋለች።

ገዢው በተለወጠ ጊዜ ሥራው አብሮ እንደሚለወጥ የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ነገር በጎንደር አጠገብ አለ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ድስቱን፣ ጀበናውንና እንስራውን ከሸክላ ይሠሩ ነበር። መንገደኞችና አገር ጐብኚዎች በዚያ ማለፍ በጀመሩ ጊዜ ግን እንስራውን ተሸክሞ የሚሄድ መንገደኛ አልተገኘም። ሴቶቹም በእጅ የሚያዙ ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን፣ ሰውንና እንስሳን፣ እየሠሩ በመንገድ ዳር መሸጥ ያዙ። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም በዚያች መንደር ሸክላ ለመንገደኛ መሸጡ አልቀረም። ጭቃው ያው ጭቃ፣ እጁም ያው እጅ ነው፤ የተለወጠው የገዢው ሻንጣ ነው። የስፌት ሴቶችም ለሩቅ ተጓዥ ሲሠሩ ይህን ቢያስቡ፣ በሻንጣ የማይገባ ትልቅ መሶብ ይዘው ቀኑን ሙሉ በፀሓይ አይቆሙም።

ከገበያው ይልቅ የሚከብደው ግን የዘመድ ነገር ነው። ሴቲቱ ለሽያጭ መስፋት እንደ ጀመረች በተሰማ ጊዜ አክስት፣ አማትና ጎረቤት በየፊናቸው እየመጡ ለእኔም አንድ ስፊልኝ ይሏታል። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እሺ ማለትም ወሩን ሙሉ ይበላባታል። በዘመድ ዋጋ የሚባለውም ግማሽ ስጦታ ግማሽ ሽያጭ ስለ ሆነ ሁለቱንም ወገን ሲያስከፋ ይታያል፤ ሰጪይቱ ሰጥቻለሁ ስትል፣ ተቀባይቱ ገዝቻለሁ ትላለች። የሚሻለው ስጦታውን ስጦታ፣ ሽያጩንም ሽያጭ ማድረግ ነው። በዓመት ስንት ሥራ ለዘመድ እንደሚሰጥ፣ ለማንና በምን ምክንያት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ቢወሰን፣ ለምሳሌ ለሠርግና ለአራስ ጥሪ ብቻ ቢሆን፣ ያ ሥራ በሙሉ ልብ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ከዚያ ውጭ የመጣው ጠያቂ እንደ ሌላው ገዢ ተራውን ይጠብቃል። ይህን ለዘመድ መናገር ለወጣቲቱ ሴት ይከብዳታል፤ ባሏ ወይም የቤቱ ሽማግሌ ቢናገርላት ግን ነገሩ ሳይከር ያልፋል።

ሴቶቹ በኅብረት ቢሠሩ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ። ለብቻዋ አንድ መሶብ ይዛ ወደ ከተማ የወረደች ሴት የመኪናውን ኪራይ ብቻዋን ትከፍላለች፤ ሲመሽባትም ነጋዴው በሰጣት ዋጋ ጥላ ትመለሳለች። ዐሥር ሴቶች ሥራቸውን አከማችተው ሁለቱን ብቻ ቢልኩ ኪራዩ ይከፈላል፤ የተላኩትም ማደሪያ ስላላቸው ለመሸጥ አይቸኩሉም። ለቀለምና ለሣር መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ ዕቁብ ጥለው ሊያወጡት ይችላሉ፤ ይህ በየመንደሩ የታወቀ ስለ ሆነ አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም። ሣሩም ቢሆን ገበያው ሲበዛ ከመስኩ ያልቃል። ልጃገረዶቹ አገዳውን ሲመዝዙ ሥሩን እንዳይነቅሉ መምከር፣ በእርከኑና በቦዩ ዳርም ከነሥሩ እየተከሉ ማብዛት የሽማግሌዎቹ ፋንታ ነው።

አንድ ነገር ለመምህራን ሊነገር ይገባል። የስፌት ሽያጭ በመንደሩ የሰመረ እንደ ሆነ፣ አንዳንድ ወላጅ ልጂቱን ከትምህርት አስቀርቶ ወስፌ ያስይዛታል። ይህ እንዳይሆን መጠበቅ የመምህሩ ሥራ ነው። ልጂቱ በዕረፍት ቀንና በምሽት እናቷን ብትረዳ ሙያውን ትወርሳለች፤ ቀኑን ሁሉ በስፌት ከዋለች ግን የምትሸጠውን መቍጠር ሳትማር ትቀራለች።

ይልቁንም ትምህርት ቤቱና ስፌቱ በአንድ ደብተር ሊገናኙ ይችላሉ። መምህሩ በሒሳብ ሰዓት ተማሪዎቹ ደብተራቸውን በአምስት ዐምድ እንዲያሰምሩ ያዝዛል፤ በመጀመሪያው የሥራው ስም፣ በሁለተኛው የሣሩና የቀለሙ ወጪ፣ በሦስተኛው የመንገዱ ወጪ፣ በአራተኛው የሰዓቱ ቍጥር፣ በአምስተኛው የተሸጠበት ዋጋ ይጻፍበታል። ተማሪይቱ ማታ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ የዛሬው ስፌት ስንት ሰዓት እንደ ፈጀ ጠይቃ ትጽፋለች። ለስጦታ የተሠራው ሥራም ከደብተሩ አይቀርም፤ ሰዓቱ እንደ ሌላው ሁሉ ይቈጠራል፤ በአምስተኛው ዐምድ ግን በዋጋው ስፍራ የተቀባይቱ ስም ይጻፍበታል።