አሞራ ክንፉን ሳያራግብ እንዴት ከፍ ይላል?

አሞራን ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት ገደል ላይ ተቀምጦ ይቆያል። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሞቅ ስትል ይነሣል። ክንፉን ዘርግቶ ይዞራል። አያራግብም፤ ግን ከፍ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ነጥብ አክሎ ይታያል። ታዲያ ማን አነሣው? በዚህ ሳምንት ይህንን እንነጋገራለን። የአሞራን ሙያ ስለሚማሩ ሰዎችም እንነግራችኋለን።

የሚያነሣው ሙቅ አየር ነው

እስቲ ምጣድን አስቡ። ምጣዱ ሲግል ከላዩ ያለው አየርም ይሞቃል። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። መሬትም እንደዚሁ ነው። ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ መሬቱ ደግሞ አየሩን ያሞቃል። ግን ሁሉም መሬት እኩል አይሞቅም። የደረቀ እርሻና አለት ቶሎ ይግላል። ረግረግና ጫካ ይዘገያል። ከጋለው መሬት ላይ አየሩ ተሰብስቦ እንደ ጭስ ሽቅብ ይወጣል። አሞራው የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። የሚዞረውም ከዚያ እንዳይወጣ ብሎ ነው።

ሰው በጨርቅ ክንፍ

ፓራግላይደር የሚባል ነገር አለ። ከቀጭን ጨርቅ የተሰፋ ሰፊ ክንፍ ነው። ሞተር የለውም። በራሪው ከክንፉ ሥር በብዙ ቀጫጭን ገመድ በተንጠለጠለ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ሲነሣ በአፋፍ ላይ ይሮጣል። ክንፉ አየር ይሞላና ያነሣዋል። ሙቅ አየር ካላገኘ በየሰከንዱ አንድ ሜትር ያህል እየወረደ ይሄዳል። ጥሩ ሙቅ አየር ካገኘ ግን በየሰከንዱ ሁለት ሦስት ሜትር ይወጣል።

በጎረቤታችን በኬንያ ኢተን የምትባል ከተማ አለች። በሯጮች የታወቀች ናት። ያለችውም ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ አፋፍ ላይ ነው። ከአፋፉ ሥር የኬሪዮ ሸለቆ ተዘርግቷል። አገራችንን ለሁለት የሚከፍለው ስምጥ ሸለቆ በኬንያም ያልፋል። ኬሪዮ የዚያው ክፍል ነው። በራሪዎች ከሩቅ አገር እየመጡ ከዚህ አፋፍ ይነሣሉ።

ተማሪው ምን ይማራል?

አየር አይታይም። ስለዚህ ተማሪው ምልክቱን ይማራል። አሞራ የሚዞርበትን ቦታ ያያል። አቧራና ገለባ እየተሽከረከረ ሲነሣ ያያል። እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ትንሽ ነጭ ደመና ሲወለድ ያያል። ከደመናው በታች ሙቅ አየር እየወጣ ነው ማለት ነው።

ሲደርስበት ደግሞ በአካሉ ያውቀዋል። ቀኝ ክንፉ ወደ ላይ ከተገፋ ሙቁ አየር በቀኝ ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ ይዞራል። ከፍታ የሚለካ ትንሽ መሣሪያም ይይዛል። መሣሪያው ሲወጣ ቶሎ ቶሎ ይጮኻል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ያልፍና ሙቁን አየር ያጣዋል። ከዳር ያለው አየር ወደ ታች ስለሚወርድ እሱም አብሮ ይወርዳል። አንዳንዴም ክንፉ በድንገት ይታጠፋል። ለዚህ ነው ያለ አስተማሪ፣ ያለ ራስ ቁርና ያለ መጠባበቂያ ጃንጥላ የማይበረው።

መውጣት ብቻ አይበቃም

በየካቲት 7 ቀን 1999 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ማኒላ በምትባል ከተማ አጠገብ በራሪዎች ለዓለም ውድድር ይለማመዱ ነበር። ጀርመናዊቷ ኤቫ ቪሽኒየርስካ የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ገባች። ደመናው ወደ ላይ ሳባት። 9946 ሜትር ደረሰች። ይህ ከራስ ዳሸን ቁመት እጥፍ ይበልጣል። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ብርዱም በረዶ ያደርጋል። ራሷን ስታ ብዙ ቆየች። ክንፉ ግን አልወደቀም። ዝቅ ሲል ነቃችና በሕይወት አረፈች። በዚያው ማዕበል ውስጥ የገባ አንድ ቻይናዊ በራሪ ግን ሞተ።

ኤቫ ጀማሪ አልነበረችም። ሙቅ አየር ፈልጎ ማግኘት ታውቅበታለች። ዋናው ችግር አየሩን ማግኘት ሳይሆን በጊዜ ትቶት መውጣት ነው። ያ ትንሽ የጥጥ ደመና ካደገ፣ ከጠቆረና እንደ ተራራ ከቆመ ያነሣ የነበረው አየር ገዳይ ይሆናል። ጎበዝ በራሪ ይህን ሲያይ ከሩቁ ዞሮ ይወርዳል። «ትንሽ ልጨምር» አይልም።

እናንተም ነገ እርሻ ላይ ሆናችሁ ቀና በሉ። አሞራው በየትኛው መሬት ላይ ይዞራል? በስንት ሰዓት ተነሣ? ደመናው ሲጠቁርስ የት ገባ? ያያችሁትን በደብተራችሁ ጻፉት።