በጥቁር ቆዳ ላይ የአለርጂ መለጠፊያ ምርመራን ማንበብ፤ የምስል መሣሪያዎች ድርሻ

በአዲስ አበባ የአራዳ እምብርት የሆነችው ፒያሳ፣ በ2016 ዓ.ም. ሰፊ ክፍሏ ለመልሶ ማልማት ከፈረሰ በኋላም ስሟ ከወርቅ ቤቶች ጋር ተያይዞ ይነሣል። በጌጣጌጥ ሳቢያ ለሚከሰት የቆዳ አለርጂ ግን በአብዛኛው መንስኤው ወርቁ ሳይሆን በቅይጡ ወይም በአርቲፊሻል ጌጥ ውስጥ የሚገኘው ኒኬል ነው። ምልክቱም በጉትቻ፣ በሐብል፣ በሰዓት ማሰሪያ ወይም በቀበቶ ዘለበት ሥር የሚወጣ የሚያሳክክ ችፌ ነው።

መንስኤውን ለመለየት የሚያገለግለውን የመለጠፊያ ምርመራ ዮሴፍ ያዳሶን እ.ኤ.አ. በ1895 አስተዋወቀ። በቫዝሊን የተለወሰ ኒኬል ሰልፌት (በአውሮፓ አሠራር 5 በመቶ) በጀርባ ላይ ተለጥፎ ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሣል። ውጤቱ በዚያው ዕለትና ከተለጠፈ ከ72 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ዳግመኛ ይነበባል።

ችግሩ የሚጀምረው በንባቡ ላይ ነው። የምዘናው ደረጃዎች በመቅላት፣ በቆዳ መወፈር፣ በጉብታና በውኃ መቋጠር ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በቀለሙ ስለሚሸፈን ደካማ ውጤት «የለም» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እንዲህ የታለፈ አንጥረኛ ከመንስኤው ሳይርቅ ስለሚቆይ፣ የእጁ ችፌ ሥር ሰዶ ሙያውን እስከ ማስተው ሊያደርሰው ይችላል።

የምስል መሣሪያዎች በዚህ ረገድ ያግዛሉ። የሌዘር ዶፕለር ምስል የደም ፍሰትን መጨመር ያሳያል፤ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው አልትራሳውንድ የቆዳውን ውፍረት ይለካል። ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ደግሞ ቆዳ ሳይቆረጥ በላይኛው ሽፋን ሴሎች መካከል የተጠራቀመውን ፈሳሽ ያሳያል። ይሁን እንጂ የደም ፍሰት በአለርጂም ሆነ በተራ መቆጣት ስለሚጨምር፣ ይህ መለኪያ ብቻውን ሁለቱን አይለይም። መሣሪያዎቹም ውድ ናቸው።

ስለዚህ በክሊኒክ ውስጥ ቀዳሚው መሣሪያ የሐኪሙ ጣት ነው። የተለጠፈበትን ቦታ መዳሰስ፣ ብርሃንን ከጎን ማብራትና ከመለጠፉ በፊትና በእያንዳንዱ ንባብ ወቅት በአንድ ርቀት፣ በአንድ ብርሃን፣ ከማስመሪያና ከቀለም ካርድ ጋር ፎቶግራፍ ማንሣት ይገባል። ምስሉ ንባቡን ያጠናክራል እንጂ ዳሰሳውንና የሕመምተኛውን የሥራ ታሪክ አይተካም።