የፎቶ ካሜራ ማሜ ጋራ ላይ

ታኅሣሥ 29 ጠዋት ላሊበላ ቤተ ማርያም ዙሪያ መፈናፈኛ የለም። ካህናቱ ግማሾቹ ማሜ ጋራ ከሚባለው የዓለት አጥር ላይ፣ ግማሾቹ ታች ግቢው ውስጥ ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ይቀባበላሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የኖሎት ምሳሌ ናቸው። ከላስታም ከሩቅ አገርም በእግሩ መጥቶ ውጭ ያደረው ምእመን ጋቢውን ተከናንቦ ከዓለቱ ጋር ተጣብቋል። በዚህ ሁሉ ሰው መሃል ካሜራ የያዘ ሞልቷል። ትከሻ ላይ የሚጫነው የቴሌቪዥን ካሜራ አልፎ አልፎ ቢታይ ነው። የመዝሙር ክሊፕ የሚሠራውም፣ የፎቶ ቤት ባለሙያውም፣ ለዘጋቢ ፊልም ከአዲስ አበባ የመጣውም የያዘው መልኩ ፎቶ ማንሻ የሆነ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ካሜራ ነው። ከሩቅ ላየው ፎቶ የሚያነሣ ይመስላል፤ ግን ቪዲዮ እየቀረጸ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ የማምንበትን ቀድሜ ልናገር። ለላሊበላ ብርሃን የዚህን ያህል የሚስማማ ካሜራ በዚህ ዋጋ ማግኘት ከባድ ነው። ለላሊበላ ድምፅ ግን ብቻውን ከተላከ ጉድ ይሠራል። ላሊበላ ደግሞ የሚታየውን ያህል የሚሰማም ቦታ ነው።

ሌንሱ የሚቀያየረው ትልቁ የፎቶ ካሜራ፣ ዲ ኤስ ኤል አር የሚባለው፣ ለረጅም ጊዜ ቪዲዮ መቅረጽ አይችልም ነበር። ምክንያቱ ውስጡ ያለው መስታወት ነው። በሌንሱ የገባውን ብርሃን መስታወቱ ወደ ፎቶ አንሺው ዓይን ይመልሰዋል። ሴንሰሩ ብርሃን የሚያገኘው ቁልፉ ሲጫን፣ መስታወቱ ብድግ በሚልባት ቅጽበት ብቻ ነው። በኋላ መስታወቱን ወደ ላይ አንሥቶ ሴንሰሩ የሚያየውን በጀርባው ስክሪን ላይ ያለማቋረጥ ማሳየት ተቻለ። ያለማቋረጥ ማሳየት ከተቻለ ደግሞ ያለማቋረጥ መቅዳት ሩቅ አልነበረም። መጀመሪያ የደፈረው ኒከን ነው፤ ዲ 90 የተባለውን ካሜራ ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ላይ፣ እኛ ሚሊኒየማችንን አክብረን ዓመቱን ስናገባድድ፣ ይፋ አደረገ። ሳምንታት ሳይቆይ፣ መስከረም 2001 ላይ፣ ካነን 5ዲ ማርክ 2ን አስከተለ። ካነን ያሰበው የዜና ፎቶ አንሺዎች ከፎቶው ጋር አጠር ያለ ቪዲዮም ይዘው እንዲመለሱ ነበር። የፊልም ሠሪው ዓለም ግን ካሜራውን ነጥቆ ወሰደው። ግንቦት 2002 ላይ «ሀውስ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የዓመቱን መዝጊያ ክፍል በዚሁ ካሜራ ቀርጾ አሳየ።

ነገሩ ያለው ሴንሰሩ ላይ ነው። የ5ዲ ማርክ 2 ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮው የፎቶ ፊልም አንዱ ክፈፍ የነበረውን ያህል። የተለመደው የቴሌቪዥን ጣቢያ ካሜራ ሴንሰር በስፋት ከዚህ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስፋቱ ብርሃን ይሰበስባል፤ ብርሃን መሰብሰብ ደግሞ ላሊበላ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ቤተ ማርያም ውስጥ የዋዜማውን ሌሊት ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ያለው ብርሃን ካህናቱ የያዙት ጧፍ ነው፣ እሱም የሚያበራው ፊታቸውንና የነጠላቸውን ጥለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዓምድና ቅስት፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕልም ጨለማ ውስጥ ነው። እዚያ መብራት አብርቶ መቅረጽ አይቻልም፣ መቻልም የለበትም። ጸሎት ይረብሻል፤ ፍላሽማ ለዘመናት ለቆየው ቀለምም አይበጅም ተብሎ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ያለውን ብርሃን እንዳለ የሚቀበል ካሜራ ያስፈልጋል። በዚህ በኩል ከ5ዲ በኋላ የመጣው ትልቁ እመርታ የሶኒ ኤ7ኤስ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ሲወጣ መስታወቱን ጭራሽ አስወግዶ፣ 12 ሜጋ ፒክስል ብቻ ይዞ፣ የብርሃን ትብነቱን ማለትም አይ ኤስ ኦውን እስከ 409,600 አደረሰው። ጫፉ ላይ ሥዕሉ እህል እህል ይላል፤ ከዚያ በታች ግን ለአንድ ጧፍ ብርሃን ይበቃል።

ሰፊው ሴንሰር የሚያስከፍለው ዋጋም አለው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እስከ 1.8 ተከፍቶ 2 ሜትር ላይ ያለ ሰው ሲቀረጽበት ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 20 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ወረብ ላይ ያለ ካህን ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። መቋሚያውን ይዞ ወደፊት ሲያጎነብስ ፎከስ ውስጥ ይገባል፣ ወደኋላ ሲመለስ ይደበዝዛል። ብዙ ጀማሪ የጀርባውን መደብዘዝ ይወደውና ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ፎከስ ሲያሳድድ ያድራል። ለማኅሌት ሰፋ ያለ ሌንስ፣ 24 ወይም 35 ሚሊ ሜትር፣ ይሻላል። ጥልቀቱ ይጨምራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወረብ የአንድ ሰው ፊት አይደለም፣ ፊት ለፊት የቆመ የሁለት ረድፍ ነገር ነው። ረድፉን ያላሳየ ቪዲዮ ወረብ አሳየ ለማለት ይከብደኛል።

ሲነጋ ችግሩ ይገለበጣል። ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓዱ ውስጥ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣሪያው ላይ ያለው መስቀል ከዙሪያው መሬት ጋር እኩል ስለሆነ ፀሐይ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው፣ ታች ያለው ደጃፍ ግን ገና ጥላ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ምእመኑ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ካሜራው በራሱ እንዲወስን ከተተወ ለጥቁሩ ዓለት ያዝንና ነጠላውን ያቃጥለዋል። የተቃጠለ ነጭ ኤዲቲንግ ላይ አይመለስም፤ የጨለመ ዓለት ግን በመጠኑ ይነሣል። ስለዚህ መለካት ያለበት ለነጩ ነው። ቤተ ማርያምና ቤተ መድኃኔ ዓለም በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከለው ትልቅ መጠለያ ከላያቸው ስላለ የግቢያቸው ብርሃን የለዘበ ነው። መጠለያው ለዓይን አይጥምም የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም እስማማለሁ፤ ለካሜራ ግን ሥራ ያቀላል።

ለፎቶ የተሠራ መሆኑ የሚታወቅበት ሌላም ቦታ አለ። 5ዲ ማርክ 2 ሴንሰሩ 21 ሜጋ ፒክስል ነው፤ ቪዲዮው የሚፈልገው ግን 2 ሜጋ ፒክስል ብቻ ነው። በሰከንድ 25 ጊዜ ሁሉንም ማንበብ ስላልቻለ መስመር እየዘለለ ያነባል። የተዘለለው መስመር ከጥሩ ፈትል ጋር ሲገናኝ ነጠላው ላይ የሌለ ማዕበል ይታያል፤ ጥለቱም የቀስተ ደመና ቀለም ያመጣል። ሽመናው በቀጠነ ቁጥር ይብሳል። መፍትሔው ጥቂት መጠጋት ወይም ጥቂት መራቅ ነው። ሴንሰሩ ከላይ ወደ ታች በተራ ስለሚያነብ ደግሞ ካሜራውን በፍጥነት ወደ ጎን ያዞረ ሰው የቤተ ጊዮርጊስን ቀጥ ያለ ግድግዳ አጋድሎ ያገኘዋል። እንዲያ ልክ ወጥቶለት የተፈለፈለ ድንጋይ በቪዲዮ ተንጋዶ ሲወጣ ማየት ያናድዳል። ቀስ ብሎ ማዞር ነው፤ ወይም አቁሞ መቅረጽ።

ሻተሩን 1/50 ላይ ማቆም የተለመደ ነው። በሰከንድ 25 ምስል ሲቀረጽ 1/50 ለዓይን የሚስማማ እንቅስቃሴ ይሰጣል፤ የላስታ እስክስታ ትከሻም እንደ ሥዕል ሳይቆራረጥ ይፈስሳል። ሁለተኛው ምክንያት የመብራት ኃይል ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በ1/50 ወይም በ1/100 የተቀረጸ ቪዲዮ የሠርግ አዳራሽ አምፖል ሥር አይርገበገብም። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከውን ካሜራ በሰከንድ 30 እንደተስተካከለ ሠርግ ላይ ያወጣ ሰው የሚያየው ሙሽሮቹ ላይ የሚንቀጠቀጥ ጥላ ምንጩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ፣ ልቤ ያለው እዚያ ነውና።

ማኅሌት ቀስ ብሎ ይጀምራል። መሪው ብቻውን ያወጣዋል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ጽናጽሉ ይጨመራል፣ ከበሮው በዝግታ ይገባል። ከዚያ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄዶ ጭብጨባና እልልታ ላይ ይደርሳል። ከሹክሹክታ እስከ ነጎድጓድ ያለው ርቀት በጣም ሰፊ ነው። የፎቶ ካሜራው ደግሞ አካሉ ላይ ያለችው ማይክ ትንሽ ናት፤ መጠኑንም በራሱ ያስተካክላል። መሪው ብቻውን ሲያዜም ዝምታ መስሎት መጠኑን ሽቅብ ይሰቅላል፤ የሚሰማው ሽሽታ፣ የሰው ሳልና የራሱ የሌንሱ ሞተር ነው። ከበሮው አንዴ ሲመታ ደንግጦ መጠኑን ቁልቁል ይጥላል፤ ከምቱ በኋላ የካህናቱ ዜማ ይሰምጣል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ እንደገና ይመታል፣ እንደገና ይሰምጣል። ብዙ የጥምቀትና የልደት ቪዲዮ እንደዚህ ነው። ምስሉ ያምራል፣ ዜማው ግን ተቆራርጧል። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚያውቅ ሰው ሲሰማው ያዝናል።

ሌላም ችግር አለ። 5ዲ ማርክ 2 አንድ ፋይል 4 ጊጋ ባይት ሲሞላ ይቆማል፤ ይህም በሙሉ ጥራት 12 ደቂቃ ገደማ ነው። በኋላ የመጡት ካሜራዎች በሌላ ፋይል መቀጠል ቢችሉም ለዓመታት ከ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ አላለፉም። አውሮፓ ውስጥ 30 ደቂቃ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ቀረጥ ይከፍል ስለነበር ፋብሪካዎቹ ከዚያ በታች ገደቡት። ይህ የብራስልስ ቀረጥ ላስታ ድረስ መጥቶ ወረቡ በሚግልበት ሰዓት ካሜራ ያቆም ነበር። የቅርብ ጊዜዎቹ ካሜራዎች ገደቡን ጥለውታል፤ በየፎቶ ቤቱ ያለው ግን ብዙው አሮጌው ነው።

ለሁለቱም ችግር መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ድምፅን ለብቻው መቅዳት። በመዳፍ የምትያዝ የድምፅ መቅጃ በአባቶች ፈቃድ ከመሪው አቅራቢያ፣ ከከበሮው ራቅ ብላ ትቀመጣለች። መጠኗ በእጅ ይስተካከላል፤ ብርቱው የከበሮ ምት ከዜሮ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ። ውጭ ከሆነ ማይኳ ስፖንጅ ወይም ፀጉራም ልባስ ትለብሳለች፤ የላስታ ነፋስ ያለ እሱ ምንም አያሰማም። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሳትቋረጥ ትቀዳለች። ካሜራው ቢቆም፣ ካርድ ቢቀየር፣ ቦታ ቢለወጥ ዜማው አንድ ሆኖ ይወጣል።

ኤዲቲንግ ላይ ምስሉንና ድምፁን ለማገጣጠም ፊልም ሠሪዎች ካሜራ ፊት ያጨበጭባሉ። ማኅሌት ላይ ማጨብጨብ አያስፈልግም፤ ከበሮ መቺው እጁ ቆዳውን ሲነካ የሚታይበት ምስልና የምቱ ድምፅ ይበቃል። ርቀት ግን መዘንጋት የለበትም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ከግቢው ማዶ፣ 34 ሜትር ርቆ የቆመ ካሜራ የራሱ ማይክ ምቱን የሚሰማው በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ ሁለት ምስል ተኩል ማለት ነው። ስለዚህ ማሜ ጋራን ከማዶ የሚቀርጽ ሰው ማገጣጠም ያለበት በካሜራው ድምፅ ሳይሆን ዓይኑ ባየው እጅ ነው።

የካሜራው ትንሽነት ለላስታ መንገድ ጸጋ ነው። አሸተን ማርያም ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4200 ሜትር ያልፋል፤ ወደ ሁለቱም በእግር ወይም በበቅሎ ይወጣል። 5ዲ ማርክ 2 ያለ ባትሪና ያለ ሌንስ 810 ግራም ነው። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻው ውስጥ፣ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የታነጸውን ግድግዳ ለመቅረጽ በጠባብ ቦታ ለሚቆም ሰውም ትልቅ ካሜራ ሸክም ነው። የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ባትሪ ይበላል፤ ትርፍ ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከጋቢ ሥር፣ ከገላ አጠገብ መያዝ አለበት። በሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ለወራት ያለ መብራት ስትቆይ ደግሞ ባትሪ መሙላት ራሱ ጄኔሬተር ያለው ሰው ፍለጋ ነበር።

የፎቶ መልኩ ሰውን ያሳስታል። ገበያ መንገድ ላይ ቆመው ከጓደኛቸው ጋር የሚጫወቱ አንድ ሽማግሌ ካሜራው እንደዞረባቸው ያያሉ። ወዲያው ጨዋታው ይቆማል። ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ ዱላቸውን ቀጥ ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ሌንሱ ላይ ተክለው ይጠብቃሉ። ጊዜው ሲረዝም፦

«ኧረ አንሣውና ልሂድበት፣ ልጄ!»

«አባባ፣ ቪዲዮ ነው፤ ጨዋታዎን ይቀጥሉ።»

«እንዲያ አትለኝም? እንግዲያ ሰላምታዬን ላድርስ።»

ከዚያ ለልጆቻቸው፣ ለአገሩ፣ ለዝናቡ የሚመርቁትን ምርቃት ያቋረጠ ካሜራማን አያድርገኝ። አስቀድሞ ማስፈቀድና ቪዲዮ መሆኑን መንገር የሰው ክብር ነው። መቅደስ አይቀረጽም፤ ከዚያ ውጭ ያለውም በደብሩ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም ዛሬ ስለተሰጠ ነገ ይቀጥላል ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል። የአንድ ሰዓት ቀረጻ 20 ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ 64 ጊጋ ካርድ 3 ሰዓት ነው። ካርድ ውድ ስለሆነ ብዙው ሰው ክሊፑን ከሠራ በኋላ ጥሬውን አጥፍቶ ለሚቀጥለው ሠርግ ይጠቀምበታል። እንዲህ ሲሆን የአንድ መሪጌታ ሙሉ ሌሊት ይጠፋና 4 ደቂቃ ይቀራል። ምስሉ ቢጠፋ ይጥፋ፣ ድምፁ ግን ቦታ አይፈጅም፤ በሙሉ ጥራት አንድ ሌሊት 10 ጊጋ እንኳ አይሞላም። ያልተቆረጠው ድምፅ በሁለት ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቀራጩ ጋር ይሁን፣ ሌላው ቀኑ፣ ቦታውና የመሪው ስም ተጽፎበት ለደብሩ ይሰጥ።